ሒሳብ ወዳድ ልጆች በእጄ ሲያልፉ

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ፣ ርእሰ መምህሩ ንግግር አደረገ፣ ተማሪዎቹ ኬክ አስቆረሱኝ። ከዚያ የመጀመሪያ ቅጥር ደብዳቤሽን አምጪ ተብዬ ከቢሮ ቢሮ ጥቂት ቀን ተመላለስኩ፤ እሱም አለቀ። ሳምንት ሳይሞላ በእኔ ቦታ የተመደበችው ወጣት መምህርት ቤቴ ድረስ መጣች። ገና በቅጡ ሳትቀመጥ፣ «እትዬ ፋንታነሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ» አለችኝ። «ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ሒሳብ እወዳለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ምን ላድርግ ብሎ ቢሮዬ ቢመጣ ምን ልበለው?»

ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ጉዳይ ቆማ ልትሰማው ፈለገች። የቻልኩትን ያህል ነገርኳት፤ ስትሄድ ግን ዋናውን እንዳልነገርኳት ገባኝ። ዋናው ምክሩ ሳይሆን ምክሩን ያስተማሩኝ ሰዎች ናቸው። የምጽፈው ስለ እነሱ ነው።

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት አራዳ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ መጀመሪያ የተመደብኩት ዛሪማ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ላስተምር ነበር። በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ሊማሊሞን ቁልቁል ስወርድ ብርዱ ከላይ ቀረ፤ ዛሪማ ስደርስ ሹራቤን በእጄ ይዤ ነበር። በትምህርት ቤቱ ከእኔ ሌላ አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩ። መምህር ይርሳው ይባላሉ፤ የአገሩ ሰው «አያ ይርሳው» ይላቸዋል። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀጭን፣ ጠመኔ ከጣታቸው የማይጠፋ ሰው ናቸው።

የመጀመሪያ ቀን ትምህርቴን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ተከታተሉኝ። እኔም ጉብዝናዬን ላሳይ ብዬ በአንድ ክፍለ ጊዜ አሥራ ሁለት ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ሠራሁ። እጄ አልቆመም፤ ደወሉ ሲደወል ላቤን እየጠረግሁ ዞር አልኩ። እሳቸው ሰሌዳውን አዩት።

«ሸጋ ነው» አሉኝ። «አሥራ ሁለቱንም አንቺ ሠራሻቸው። ልጆቹስ ስንት ሠሩ?»

በማግስቱ እኔ በተራዬ የእሳቸው ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሠሩት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። ልጅ መልስ ሲሰጥ «ምነው?» ይሉታል። በሰሜን በኩል «ምነው» ማለት «ለምን» ማለት ነው። የተሳሳተውንም «ምነው?»፣ ልክ የመለሰውንም «ምነው?»። ልክ የመለሰው ልጅ ይበልጥ ይደነግጣል፤ ግን ቆሞ ያስረዳል። ጎበዝ ብለው ሲያመሰግኑ ሰምቼ አላውቅም። «ሸጋ፣ ቀጥል» ካሉ ልጁ ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ይጠግባል።

ሌላው ልማዳቸው ደብተር ነበር። ማርክ የሚመዘግቡበት አይደለም፤ እሱን ሁላችንም አለን። እሳቸው የልጆቹን ስሕተት ይጽፉበታል። ማን፣ የትኛውን ጥያቄ፣ እንዴት ተሳሳተ። «ልክ የሆነ መልስ ስለ ልጁ ብዙ አይነግርሽም» ይሉኝ ነበር። «ልክ ከሆነ ሁሉም አንድ ነው። ስሕተት ግን የየራስ ነው።»

አንድ ቀን አንዲት ልጅ ክፍልፋይ ስትደምር ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደመረች። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ሁለት አምስተኛ ሆነ። እኔ ብሆን በቀይ ሰርዤ አልፋት ነበር። እሳቸው «ምነው?» አሏት።

ልጅቱም፣ «መምህር፣ በመጀመሪያው ፈተና ከሁለት ጥያቄ አንድ አገኘሁ። በሁለተኛው ከሦስት ጥያቄ አንድ አገኘሁ። ከአምስት ሁለት አገኘሁ ማለት አይደል?» አለች።

አያ ይርሳው ጠመኔያቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አልተሳሳተችም እኮ! ያልተጠየቀችውን ነው የመለሰችው» አሉ። የቀረውን ሰዓት ሁሉ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን ልዩነት ሲያሳዩ ዋሉ። እኔም ያን ዕለት ደብተር ገዛሁ።

ዛሪማ አምስት ዓመት ቆይቼ፣ በክረምት ትምህርት ዲግሪዬን ይዤ፣ አዘዞ ሁለተኛ ደረጃ ተዛወርኩ። አሁን የምነግራችሁን ለማንም በጽሑፍ ነግሬ አላውቅም።

አዘዞ አስማማው የሚባል ተማሪ ነበረኝ። አባቱ ከአዘዞ ፒያሳ የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ የጠርሙስ ቆርኪ በፌስታል ሞልቶ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። አንድ ቆርኪ አስቀመጠ። በጎኑና በላዩ ሦስት ቆርኪ ሲደረድር አራት ማዕዘን ሆነ። በዚያም ጎንና ላይ አምስት ጨመረ፤ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን። ሰባት ጨመረ። «ቲቸር፣ ጎደሎ ቁጥሮችን ከአንድ ጀምሬ በተርታ ከደመርኩ ሁልጊዜ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ይወጣል። መቼም አይሳሳትም። ለምን እንደማይሳሳት ያውቃሉ?» አለና እሱው አስረዳኝ። መጽሐፍ ላይ አላየውም፤ ከራሱ ነው ያገኘው።

እንዲህ ያለ ልጅ ለመምህር በየዓመቱ አይመጣም። በደስታ ራሴን ረሳሁ። ለእሱ ብዬ የሒሳብ ክበብ አቋቋምኩ። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቅዳሜውን፣ ከሰዓቱን፣ የዕረፍት ጊዜውን ሁሉ በሒሳብ ሞላሁለት። የእንግሊዝኛው መምህር፣ «ፋንታነሽ፣ ይህ ልጅ እኔ ክፍል ውስጥ የአንቺን ጥያቄ ነው የሚሠራ። አንድ አንቀጽ አንብቦ መረዳት አይችልም» አለኝ። ባዮሎጂዋም መጥታ ነገረችኝ።

«ተዉት» አልኳቸው። «እሱ ሌላ ነው።»

የሒሳብ ውድድር ገብቶ ተሸልሞ መጣ። ሰልፍ ላይ ስሙ ተጠራ፤ ከእሱ ይልቅ እኔ ኮራሁ። ከዚያ የመልቀቂያ ፈተናው ውጤት ወጣ። አስማማው ወረቀቱን ይዞ ቢሮ ገባ። ፊቱ ፈክቶ ነበር።

«ቲቸር፣ ሒሳቡን አዩት?»

አየሁት። ከጠቅላላው ትምህርት ቤት የሚስተካከለው አልነበረም። ዓይኔን ወደ ታች ሳወርደው እንግሊዝኛው አለ፣ ባዮሎጂው አለ፣ ሲቪኩ አለ። ድምሩን አየሁት። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ጥቂት ነጥብ ጎድሎታል። ልጁ ሒሳቡ ላይ ቆሞ ድምሩን ገና ልብ አላለውም ነበር። ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ሳይደምር መጣ። ድምሩን የነገርኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

በሳምንቱ አባቱ መጣ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ «እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። የቱ እንደሚበጅ ስለማላውቅ ነው ልጄን ለእርስዎ የሰጠሁት» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አስማማውን በግል እንዲፈተን ለመንኩት፣ በነጻ ላስጠናው ለመንኩት። አልፈለገም። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ የቅየሳ ሥራ ተማረ፤ ዛሬ መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ነው፤ ይሳካለታል፣ ልጆችም አሉት። ከዓመታት በኋላ አግኝቶኝ፣ «የእርስዎ ጥፋት ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛውን እኔም ጠልቼው ነው» ብሎኛል። ልጅ እንዲህ ሊል ይችላል። አዋቂዋ ግን እኔ ነበርኩ። ችሎታውን ስወድለት ድክመቱን ሳላይለት ቀረሁ። ደብተሬን ገልጬ አየሁት፤ የአስማማው ስሕተት ተብሎ የተጻፈ አንድም ነገር የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ የማይሳሳትበትን ብቻ ነበር የጠየቅሁት።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ተለወጠ። ወደ አራዳ ትምህርት ቤት ስዛወር የምክር አገልግሎት ክፍል ያለ ሰው ተቀምጦ አገኘሁት። ግማሹ የተሰበረ የላቦራቶሪ ዕቃ የተከማቸበት ጠባብ ክፍል ነው። እኔ ልያዘው ብዬ አመለከትኩ፤ የማስተምረው ክፍል ተቀነሰልኝ። የዚያን ጊዜው ርእሰ መምህር አቶ ሙሉቀን ታታሪ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ጎበዝ የተባለ ሁሉ ሐኪም ካልሆነ የሚበላሽ ይመስለዋል። ሕክምና የገቡትን ልጆች ፎቶ በትልቁ አሠርቶ፣ ዙሪያውን በሐኪም ማዳመጫ ሥዕል አስጊጦ በር ላይ ይሰቅላል። «እትዬ፣ ደረጃ የያዙትን ወደ ሕክምና ይምሩልኝ» ይለኛል በየዓመቱ። እኔም በየዓመቱ «እሺ፣ ልጆቹን ልጠይቃቸው» እለዋለሁ። ስምንት ዓመት እንዲሁ ተቻችለን ኖርን።

ሥራውን ቀስ በቀስ ለመድኩት። ወላጅ ሪፖርት ካርድ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የማየው ማርኩን ሳይሆን አውራ ጣቱን ነው። አባት ሁሉ ካርዱን ሲይዝ ደካማውን ትምህርት በአውራ ጣቱ ይሸፍነዋል። «እጅዎን ትንሽ ያንሱልኝ» እላለሁ፤ ንግግራችን ከዚያ ይጀምራል። ልጁን ደግሞ በእርሳስ ነው የማስጽፈው። የአራት ዓመት እቅድ በእስክሪብቶ የሚጽፍ ልጅ ወይ ዋሽቷል ወይ አባቱ ጽፎለታል። በመጀመሪያው መስመር የሚጠላው ትምህርት ይጻፋል፤ የሚወደው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። የሚወደውንማ እኔ ባላቅድለትም ይሠራዋል።

ከእነዚያ ሁሉ ልጆች የሶልያናን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም።

አባቷ ዶክተር ዳዊት ሐኪም ነው። እናቷ ወይዘሮ ሰብለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትሠራለች። ሶልያና ዘጠነኛ ክፍል በገባች በሁለተኛው ሳምንት ከእናቷ ጋር መጣች። በኮምፒውተር የተጻፈ ዝርዝር ይዛለች፦ ሒሳብ ክበብ፣ ኮምፒውተር፣ ሚኒ ሚዲያ፣ ክርክር፣ አካባቢ ጥበቃ፣ በጎ አድራጎት፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ቼዝ። ስምንት።

«የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ማርክ ብቻ አያዩም» አለችኝ ወይዘሮ ሰብለ። «ተሳትፎ ይፈልጋሉ። ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ አንብቤዋለሁ።»

ልጅቱን አየኋት። «ማንም የማያይሽ፣ የምስክር ወረቀትም የማይሰጥሽ ቢሆን የትኛውን ትሠሪያለሽ?»

እናቷን አየት አደረገች። «ሒሳቡን» አለች ቀስ ብላ። «ኮምፒውተሩንም... ምናልባት።»

«የምትጠዪውስ ትምህርት?»

«ባዮሎጂ። ይሸመደዳል እንጂ አይገባም።»

የሐኪም ልጅ ናት። እናቷ ጉሮሮዋን ጠራረገች። እኔ እርሳስ አንስቼ ስድስቱን ክበብ ሰረዝኩ። ወይዘሮ ሰብለ ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች። «እርስዎ የልጄን ዕድል እየዘጉ ነው!»

«ይቀመጡ» አልኳት። «አንዱን ልጨምርላት ነው።» ከዚያ ለሶልያና፣ «ቅዳሜ ጠዋት እዚህ አጠገብ ያለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍሎችን ሒሳብ ታስጠኛለሽ። ባዮሎጂ ደግሞ የሚወድ የክፍልሽን ልጅ ፈልጊ፤ አንቺ ሒሳብ ታስረጂዋለሽ፣ እሱ ባዮሎጂ ያስረዳሻል። አሥራ አንደኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ትመርጫለሽ። እንግሊዝኛ በየቀኑ ይነበባል፤ ሒሳብ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ እንኳ ይቆጠርልሻል» አልኳት። ይህን ስል አስማማው ፊቴ ላይ ድቅን ብሎ ነበር።

እናቷ እያጉረመረመች ሄደች። ልጅቱ ግን ቅዳሜ ሄደች። በሁለተኛው ወር በንዴት ቢሮዬ ገባች።

«ቲቸር፣ አንድ ልጅ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዚቲቭ ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ሕጉ ነው አልኩት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሕጉ ነው አልኩት፣ ቲቸር! እኔ ራሴ አላውቀውም። ዕድሜዬን ሙሉ ልክ እየሠራሁ አላውቀውም።»

አልነገርኳትም። ሳምንት ቆይታ መጥታ ሰሌዳዬ ላይ ጻፈች። ሦስት ጊዜ ኔጌቲቭ ሁለት፣ ኔጌቲቭ ስድስት። ሁለት ጊዜ፣ ኔጌቲቭ አራት። አንድ ጊዜ፣ ኔጌቲቭ ሁለት። ዜሮ ጊዜ፣ ዜሮ። «አያችሁ? በየደረጃው ሁለት ሁለት እየጨመረ ነው። አሁን ከዜሮ በታች አንድ ደረጃ ስወርድ ምነው ይቆማል? አይቆምም። ፖዚቲቭ ሁለት ይሆናል!» ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን «አያችሁ» እያለች ነበር የምታስረዳው። ያን ቀን ምን ዓይነት ሰው እንደምትሆን ጠረጠርኩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ እናቷ ያለመችው የውጭ ማመልከቻ ተጀመረ። የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩላት፤ እሷም ስለ ቅዳሜ ተማሪዎቿ ጽፋ አስነበበችኝ። ከዚያ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ስንል ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት መጥታ ወንበር ላይ ዝርግት አለች።

«አለፈ፣ ቲቸር። የማመልከቻው ቀን ትናንት ነበር።»

ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጅ ባላጠፋው ነገር ሲያዝን ምክር አይሰማም። ሲበርድላት፣ «አሁን ምን አለን?» አልኳት።

«መልቀቂያው አለ። ሦስት ወር ቀርቶታል።»

«ባዮሎጂውስ?»

ፈገግ አለች። «እየገባኝ ነው። አንዳንዱ ሒሳብ ነው ለካ።»

ተፈተነች። ውጤቱ ሲመጣ አንዱም ትምህርት አላሳፈራትም፤ ከፈለገች ሕክምና መግባት ትችላለች። ችግሩም ይህ ነበር። ዶክተር ዳዊት ደውሎ እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ጠራኝ።

«እርስዎን ትሰማለች» አለኝ። «ሒሳብ እማራለሁ እያለች ነው። ሕክምና እንድትመርጥ ይንገሩልኝ።»

«እኔ አልነግራትም» አልኩት። «ራሷ ትንገርዎት።»

«እሺ፣ ሒሳብ ተምራ ምን ትሆናለች? መምህር?»

ወይዘሮ ሰብለ ባሏን በዓይኗ ተቆጣችው። ዶክተሩም ያመለጠው ነገር ገብቶት ፊቱ ቀላ። እኔ ሳቅሁ፤ ከልቤ ነው የሳቅሁት።

«አዎ፣ መምህር ልትሆን ትችላለች። እኔን ይዩኝ፣ ክፉ ነገር አላገኘኝም።»

እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋና እጆቹን አየ። «እንደዚያ ማለቴ አይደለም፣ እትዬ። ሐኪም ብትሆን መንገዱን አውቀዋለሁ። ስትቸገር አግዛታለሁ፣ የማላውቀውን የሚያውቅ አሳያታለሁ። በሒሳብ ግን ምን ላግዛት? ብቻዋን ነው የምትሄደው።»

ለካ የፈራው ይህንን ነው። ሶልያና እስከዚያ ድረስ በሩ ጋ ቆማ ነበር። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ወረቀት ይዤ ሳፈጥ ስታየኝ ምን ሆንሽ ብለህ አትጠይቀኝ። ሻይ አምጣልኝና ሂድ። እሱ ይበቃኛል።»

«ስኳር ስንት?» አላት። በቃ፣ ነገሩ ያን ጊዜ አለቀ። የምርጫ ቅጹን በማግስቱ አብረው ሞሉት። አቶ ሙሉቀን ሲሰማ ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ በሦስተኛው ቀን ፎቶዋን ይዞ መጥቶ፣ «ሒሳብን በምን ሥዕል ነው የማስጌጠው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሶልያና አሁን አዲስ አበባ ሦስተኛ ዓመት ናት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ትደውልልኛለች፤ ያለፈው ወር ግን ድምፅዋ ጠፋ። ጊዜው ክፉ ነው፣ ልጅቱ ምን ሆነች ብዬ እኔው ደወልኩ።

«ደኅና ነኝ፣ ቲቸር። አንድ ጥያቄ ይዞኝ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልፈታ አለኝ።»

«ውይ፣ ሦስት ሳምንት! መምህርሽን ለምን አትጠይቂውም?»

«ኧረ እንዳይሆን!» ብላ ጮኸችብኝ። «ከጠየቅሁትማ ይነግረኛል።»

ይቅርታ ጠየቅኋትና፣ ሥራዋን እንዳላስፈታት ቶሎ ስልኩን ዘጋሁ።